ማብራት እንጂ ማጥፋት የማያውቅ ቱቦ

አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ቱቦ የሚወዱ ጓደኞቼ ሁሉ ልባቸው ሬዲዮና አምፕሊፋየር ላይ ነው። የእኔ ታይራትሮን (ጅረትን እንደ ማብሪያ የሚለቅ ጋዝ ያለበት ቱቦ) ድምፅ ስለማያወጣ ይስቁብኛል። ይሳቁ! የእኔ ቱቦ ሞተር ያዞራል።

የዲሲ (በአንድ አቅጣጫ በሚሄድ ጅረት የሚሠራ) ሞተር ፍጥነት ወደ አርማቸሩ፣ ማለትም ወደሚዞረው ጥቅልል፣ የሚገባውን ቮልቴጅ ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቮልቴጁን በሬዚስተር መቀነስ ይቻላል፤ ግን ኃይሉ በሙቀት ይባክናል፣ ጭነት ሲመጣም ሞተሩ ይዝላል። ሃሪ ዋርድ ሊዮናርድ እ.ኤ.አ. በ1891 ያቀረበው ዘዴ ግሩም ነው፤ ሆኖም አንድ ሞተር ለመግራት ሌላ ሞተርና ጄኔሬተር ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በጄኔራል ኤሌክትሪክ እነአልበርት ሃል ያዳበሩት ታይራትሮን ይህን ሁሉ ብረት ተካ። የሬዲዮ ቱቦ ውስጡ ባዶ ነው፤ የዚህ ግን አይደለም፤ የሜርኩሪ ትነት ወይም ዜኖን አለበት። ግሪዱ (በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ መረብ) በቂ ኔጋቲቭ ቮልቴጅ እስካለው ድረስ ጅረት አያልፍም። ግሪዱ አንዴ ሲፈቅድ ግን ጋዙ ይቀጣጠላል፣ ቱቦው ያበራል፣ ከዚያ በኋላ ግሪዱ ሥልጣን የለውም። በሩን ከፍቶ ቁልፉን የጣለ ዘበኛ ማለት ነው።

ታዲያ ማን ያጠፋዋል? ኤሲው ራሱ፤ ቱቦው ሞተሩን የሚመግበው አቅጣጫው ከሚቀያየር ጅረት (ኤሲ) መስመር ነውና። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ግማሽ ዑደት 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ጅረቱ ዜሮ ሲደርስ ቱቦው ይጠፋል፣ ግሪዱም ሥልጣኑን መልሶ ያገኛል። እንግዲህ የሚቀረው ጥያቄ መቼ ይቀጣጠል የሚለው ብቻ ነው። ገና ከጅምሩ ከሆነ ሞተሩ ሙሉ ቮልቴጅ ያገኛል። 5 ሚሊሰከንድ ከዘገየ (ሞተሩ ራሱ የሚያመነጨውን ቮልቴጅ ለጊዜው እንተወው) አማካዩ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ይበልጥ ብልሃት ያለበት ግን ሌላው ክፍል ነው፤ ጭነት በዝቶ የአርማቸሩ ጅረት ሲጨምር ሰርኪዩቱ ያንን አይቶ ማቀጣጠያውን ያስቀድማል፣ ፍጥነቱም ብዙ ሳይወርድ ይቆያል።

የሜርኩሪው ዓይነት ትዕግሥት ይፈልጋል። ካቶዱ (ሲሞቅ ኤሌክትሮን የሚለቀው ክፍል) ለደቂቃዎች ሳይሞቅ ኃይል ከተለቀቀበት የጋዙ አዮኖች እየደበደቡ ሽፋኑን ይልጡታል። ለዚህ ነው አምራቾቹ የሚያዘገይ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) የሚያስገቡት፤ ያንን ሪሌይ «ጊዜ ይበላል» ብሎ የሚያልፍ ጠጋኝ እኔ ዘንድ ሙያተኛ አይባልም።

እ.ኤ.አ. በ1957 የመጣው ኤስሲአርም (የታይራትሮንን ሥራ የሚሠራ የሲሊከን ማብሪያ) ጠባዩ ያው ነው፤ ከተቀጣጠለ በኋላ በበሩ፣ ማለትም በመቆጣጠሪያ እግሩ፣ በኩል አይጠፋም። ነገር ግን ቱቦውን ነቅሎ በቦታው እሱን መሰካት አይሆንም። ታይራትሮን ሲሠራ ከ10 እስከ 15 ቮልት ገደማ ይወስዳል፣ ኤስሲአር ከ1 እስከ 2 ቮልት ብቻ። ግሪዱ የሚታዘዘው በቮልቴጅ ነው፤ የኤስሲአር በር ግን ጅረት ይፈልጋል። ስለዚህ የማቀጣጠያው ሰርኪዩት እንደ አዲስ መሠራት አለበት።