ኢኮኖሚክስ ያጠና ሰው ካሜራ ሲያምረው

ነሐሴ ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። የሆነ ነገር የለም፤ ደብሮኛል ብቻ። ደብረ ማርቆስ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ውስጥ ናት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። ፍልሰታ ስለሆነ ሆዴም ባዶ ነው። የሐምሌው ሪፖርት አሁንም አላለቀም፤ ቢሮ ግን መብራት የለም። መብራት ከሌለ ኮምፒውተር የለም፣ ኮምፒውተር ከሌለ ደግሞ የእኔ መኖር ለማንም አይጠቅምም። ስልኬን ይዤ አንድ ጥግ ተቀመጥኩ።

ስለ ፎቶ አንሺው ሳልጋዶ ማንበብ የጀመርኩት እንደዚያ ነው። ፎቶዎቹን ድሮም አውቃቸዋለሁ። ሰውዬው ኢኮኖሚስት እንደነበረ ግን ዛሬ ነው የሰማሁት።

ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ ብራዚላዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ተወለደ፣ ኢኮኖሚክስ ተማረ፣ በወታደሮቹ አገዛዝ ጊዜ ከሚስቱ ከሌሊያ ጋር አገሩን ጥሎ ፓሪስ ገባ። ከዚያ ለንደን፣ ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። ደህና ደመወዝ፣ ደህና ወንበር። ሌሊያ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ስለነበረች ለትምህርቷ ካሜራ ገዝታ ነበር። እሱ ነካ ነካ አደረገው። ለሥራ አፍሪካ ሲመላለስ ከሪፖርቱ ፎቶው ይበልጥበት ጀመር። በ1973 ሥራውን ለቀቀ። ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

እኔም ኢኮኖሚክስ ነው ያጠናሁት። ሠላሳን ካለፍኩ ደግሞ ቆየሁ። ሚስት የለችኝም እንጂ ብትኖረኝ፣ “ካሜራሽን አውሺኝና ሥራዬን ልልቀቅ” ብላት ምን እንደሚመጣ አስቡት። በማግስቱ ሽማግሌ ነው የምትሰበስብብኝ።

የሚያስቀናኝ ሽልማቱ አይደለም። ሽልማቱማ ሞልቶታል፤ በ1982 በፎቶ አንሺው ዩጂን ስሚዝ ስም የሚሰጠውን፣ በ1989 የሀሰልብላድን አግኝቷል። የሚያስቀናኝ አንድ ነገር ይዞ ዓመታት መቆየቱ ነው። የጉልበት ሠራተኞችን ላንሳ ሲል ዓመታት፣ ስደተኞችን ላንሳ ሲል ዓመታት። በ1986 ሴራ ፔላዳ በሚባል የወርቅ ጉድጓድ ያነሳቸውን ሰዎች አይታችኋቸዋል? በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ጭቃ ለብሰው፣ ጆንያ ተሸክመው በመሰላል ይወጣሉ። የፈርዖን ዘመን ነው ብትሉኝ አምን ነበር። ሩዋንዳ ላይ ያየው ግን ሰበረው። ታመመ፤ ካሜራውን አስቀምጦ ወደ ወላጆቹ እርሻ ተመለሰ። መሬቱ ተራቁቶ ነበር። በ1998 ከሌሊያ ጋር ተቋም አቋቁመው ከ2 ሚሊዮን በላይ ዛፍ አስተከሉበት። (የእኛ ሰው ደግሞ አዊ፣ ፋግታ ላይ ዲከረንስ የሚባል ግራር ይተክልና ለከሰል ይቆርጠዋል። ማንም አልሸለመውም። ልጆቹን ግን አስተምሮበታል።) በ2017 ዓ.ም ግንቦት ላይ፣ በ81 ዓመቱ አረፈ።

እኛም አገር መጥቷል። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ኮረም ነበር። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ዓለምን ያስለቀሰውን ፊልም የቀረጸውም እዚያው ነው። አሚን የሚገርም ሰው ነው። በ1983 ዓ.ም አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ፤ በሰው ሠራሽ እጅ ሥራውን ቀጠለ። በ1989 ዓ.ም ኅዳር ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የእኛው አውሮፕላን ውስጥ ሞተ።

ጎረቤታችን ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ። በዚያው ድርቅ ከወሎ ተጭነው ፓዌ የሰፈሩ ናቸው፤ ማርቆስ የመጡት ኋላ ነው። አንድ ጊዜ የሳልጋዶን የኮረም ፎቶ አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው አጎሉት። የሰዎቹን ፊት አልነበረም ያጎሉት፤ ብርድ ልብሱን ነው። “እንዲህ ያለ ለእኛም ሰጥተውን ነበር” አሉ። ከዚያ ቡናቸውን ጠጡ። እኔ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ብርድ ልብሱን የለበሱት እነማን ናቸው? ከፎቶው ሥር የቦታው ስም አለ፣ ዓመቱ አለ፣ የአንሺው ስም አለ።

አሜሪካም እንዲሁ ነው። ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኒፖሞ የሚባል ቦታ፣ አተር ለቃሚዎች ሰፈር አንዲት እናት አነሳች። ልጆቿ ትከሻዋ ላይ ፊታቸውን ደብቀዋል፤ እሷ አገጯን ይዛ ሩቅ ታያለች። ፎቶው በዓለም ዞረ፤ ስሟን ግን ላንግ አልጠየቀቻትም። ፍሎረንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው፤ ያኔ አርጅታለች። ከፎቶው አንዳች አላገኘሁም ብላ አማርራ ነበር። የመንግሥት ፎቶ ስለነበረ ላንግም በየታተመበት ቁጥር የሚከፈላት ነገር አልነበረም። ደግሞ ነገሩ እዚህ አያበቃም። በ1983 ሴትዮዋ ስትታመም ልጆቿ እርዳታ ጠየቁ። ፎቶውን የሚያውቅ ሁሉ ገንዘብ ላከ። እንግዲህ ጠቀማት ወይስ ጎዳት?

ፎቶውን ማስመለስ የቻለ ቤተሰብ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ዩጂን ስሚዝ ጃፓን ሚናማታ ሄዶ ነበር፤ ፋብሪካ ሜርኩሪ ባሕር ውስጥ እየደፋ ሕዝቡን የመረዘበት ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1972 የፋብሪካው ኩባንያ ሰዎች ክፉኛ ደብድበውታል። ሚናማታ ውስጥ አንዲት እናት የታመመች ልጇን ስታጥብ አነሳ። ልጅቷ ከሞተች ከዓመታት በኋላ ወላጆቿ “አሁንስ ትረፍ” አሉ። የስሚዝ የቀድሞ ሚስት አይሊን መብቱ በእጇ ነበርና እሺ አለች፤ ፎቶው ዳግም እንዳይታተም ያኔ ተወሰነ፤ ለብዙ ዓመታትም ሳይታተም ቆየ። ስለዚህ የልጅቷን ስም እኔም አልጽፈውም።

ፎቶ ጋዜጠኛው ሙሉጌታ አየነ እ.ኤ.አ. በ2020 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሲሸለም ግን ምን እንደሆንኩ ታስታውሳላችሁ። ግቢውን አመስኩት። የእኛ ልጅ! ትንሽ ቆይቶ ፎቶዎቹ የምን እንደሆኑ ትዝ አለኝ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው አውሮፕላን፣ 157 ሰው፣ አፈር በእጇ እየዘገነች ፊቷ ላይ የምትበትን ሴት። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ቢሆንም እሱ ባያነሳው ይሻል ነበር አልልም።

ማታ እትዬ ቤት ሄድኩ። ቢቸና ገበያ ጌሾ ሲሸጡ አንድ ፈረንጅ ያነሳቸውን ፎቶ ነገር አንስቼ ልሟገትላቸው ፈልጌ ነው። ደርግ ሳይወድቅ ነው የተነሱት። ቀኑን ሙሉ ሳሰላስል ስለዋልኩ ንግግሬ ተዘጋጅቷል።

“እትዬ፣ ያ ሰውዬ ስምዎን እንኳ ሳይጠይቅ መሄዱ አይቆጭዎትም?”

“ጠይቆኛል እንጂ። አስተርጓሚ ነበረው።”

“ነገሩት?”

“ምን አውቄው ነው ስሜን የምነግረው? የጎረቤቴን ስም ነገርኩት።”

ንግግሬ እዚያው ቀረ። የምለው ሲጠፋኝ ስለ ሽልማት አወራሁ። ፑሊትዘር የሚባለው 15 ሺህ ዶላር ነው አልኳቸው። ሽሮውን ማማሰል አቆሙ።

“በባንኩ ነው በጥቁሩ?”

“በሁለቱም ብዙ ነው።”

“እና ሰውዬው በእኔ ፎቶ ተሸልሞ ከሆነ፣ ድርሻዬ የሚመጣው በእሷ ስም ነው?”