ከአንዷ የጤፍ አበባ ጀርባ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው ማሳ ዘንድሮም ጤፍ ነው። ሰሞኑን ዝናብ ከንፋስ ጋር መጣና ግማሹን አስተኛው። ባለቤቱ አባባ «አየህ ልጄ፣ ምርቱ ጥሩ ሲሆን ነው የሚተኛው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አገዳው ቀጭን ስለሆነ ዛላው ይከብደዋል፣ ማዳበሪያ ሲበዛበት ደግሞ ይብሳል።

እዚሁ ቅርባችን፣ ቢሾፍቱ ያሉት የጤፍ ተመራማሪዎች የሚለፉት ለዚህ ነው። ሥራቸው በጣም ያስደንቀኛል። የጤፍ አበባ ደቃቅ ናት፣ ራሷን በራሷ ታዳቅላለች፤ ስለዚህ ሁለት ዝርያ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶ/ር ታረቀ በርሄ አበባዋ የምትከፈተው ማለዳ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ነው በማጉያ መነጽር እያዩ፣ ሦስቱን የብናኝ ከረጢቶች አንድ በአንድ ለቅመው አውጥተው፣ ከሌላ ዝርያ ብናኝ አምጥተው ማዳቀል የተቻለው። በቃ፣ ትንፋሽ የሚያስይዝ ሥራ!

ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያም የመጣው እንዲህ ነው። ነጩን ማኛና ዱከም የተባለውን ምርታማ ዝርያ አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው አደረሱት፣ ገበሬውም ወደደው። የማይተኛ ጤፍ ፍለጋው ግን ገና አላለቀም። ትልልቆቹ የዓለም የዘር ኩባንያዎች ትኩረታቸው በቆሎና አኩሪ አተር ላይ ነው፤ ስለዚህ የጤፍ ምርምር በጀት ከማንም በፊት ከእኛው መምጣት አለበት።