የአቮካዶ ችግኝ ለገዛችሁ

ክረምቱ ገባ ብሎ ሰው ሁሉ ችግኝ እየገዛ ነው፣ በጣም ደስ ይላል። እኔ ግን ማውራት የፈለኩት ከተከላው በኋላ ስላለው ነው ምክንያቱም ችግኝ በብዛት የሚደርቀው ሐምሌ ላይ ሳይሆን ጥርና የካቲት ላይ ነው፣ ዝናቡ ሄዶ ሰውም ከረሳው በኋላ።

የኛ ግቢ ያለው ሀስ የሚባለው ዝርያ ነው፣ የተዳቀለ፣ ማለትም ሌላ የአቮካዶ ችግኝ ላይ የተጋጠመ። ስትገዙ ግንዱን ከታች በኩል እዩት፣ የተጋጠመበት ጠባሳ ከሌለው ከፍሬ የበቀለ ነው ማለት ነው፣ እሱ ሰባት ስምንት ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል የተዳቀለው ግን በ3 በ4 ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ደግሞ ረጅሙን አትምረጡ፣ ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ ከስር ይጠማዘዛል፣ አጠር ብሎ ግንዱ ወፈር ያለው ይሻላል።

ጉድጓዱ 60 በ60 ሴንቲ ይሁን፣ የላዩን አፈር ለብቻ አስቀምጡና በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት፣ ፕላስቲኩን አውልቁ፣ የተጋጠመበት ቦታ ከአፈር በላይ ይቅር። መሬታችሁ ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሰርታችሁ እሱ ላይ ትከሉ፣ አቮካዶ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል።

አሁን ዋናው ነገር። ከተጋጠመበት በታች የሚወጣ ቅርንጫፍ አለ፣ ለምለም ነው ያሳሳል፣ ግን ወዲያው ቆንጥሩት! እሱ ከታች ሥሩን የሰጠው ሌላው አቮካዶ ነው እንጂ የገዛችሁት ሀስ አይደለም፣ ዝም ካላችሁት ጉልበት አግኝቶ የላዩን ያደርቀዋል። አንዲት ጎረቤታችን እንደዚህ ሆኖባቸው ስንት ዓመት ውሃ ያጠጡት ዛፍ ሌላ ሆኖ ሲያገኙት በጣም ነው ያዘንኩት።

በጋ ላይ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት ራቅ አድርጎ ግን እስኪጠግብ ማጠጣት ነው ሥሩን ወደ ታች የሚያወርደው፣ ዙሪያውን ገለባ ወይ ደረቅ ሣር ጎዝጉዙለት፣ ግንዱን ብቻ እንዳይነካው። የመጀመሪያው ዓመት አበባ ካወጣ አራግፉት፣ ገና ልጅ ነው ይደግ።

ፍሬ ሲይዝ ደግሞ ዛፉ ላይ እስኪለሰልስ አትጠብቁ፣ አይለሰልስም። መጠኑ ሲደርስ አንድ ሁለት ከነእንጨቱ በመቀስ ቁረጡና ቤት አስቀምጡ፣ ቆዳው ጠቁሮ ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ሌላውም ደርሷል።