ቀበቶ፣ የጫማ ክር፣ ስልክ

ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ኪስህን ታራግፋለህ። ቀበቶ ትፈታለህ፣ የጫማህን ክር ትመዝዛለህ፣ ስልክህን ታስረክባለህ። ተረኛው መዝግቦ ፌስታል ውስጥ ይከተዋል። ስትወጣ ፈርመህ ትወስዳለህ። እውነቱን ለመናገር ደንቡ ከመሬት ተነስቶ አልመጣም። በቀበቶ ራሱን የሚያንቅ አለ፣ በስልክ ምስክር የሚያስፈራራም አለ።

የታናሽ ወንድሜ ፌስታል ውስጥ ግን ከቀበቶውና ከጫማው ክር ጋር አንደበቱም ገብቶ ነበር።

ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው፣ 27 ዓመት ሞልቶትም ማሙሽ ነው። በሦስት ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ብየዳ ቤት ይሠራል። ግራይንደሩ ሲጮህ እኛ ጆሯችንን ስንይዝ እሱ ይስቅብናል።

ያን ቀን ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ታክሲ ተራው ጋ የአንዲት ሴት ስልክ ተነጠቀ። "ሌባ! ሌባ!" ተባለ። የሮጠ ሮጠ፣ የቆመ ቆመ፣ ጆሮ ያለው ሁሉ የሆነ ነገር አደረገ። ማሙሽ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ቀጠለ። ከኋላው "ቁም!" ያለውን ፖሊስ ከየት ይስማው? ነገር መኖሩን ያወቀው ዱላው ጀርባው ላይ ሲያርፍ ነው።

ጣቢያ ሲደርሱ ስልክህን አምጣ አሉት። አልሰጥም አለ። እኔና አንተ ስልክ ስንቀማ የምናጣው መደወያ ነው። እሱ ግን የሚፈልገውን ጽፎ የሚያሳየው በስልኩ ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር በእጁ የሚያወራው በስልኩ ቪዲዮ ነው፣ "እህቴን ጥሩልኝ" የሚልበት ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ ጨብጦ ያዘ። እነሱ የታያቸው ከፖሊስ ጋር የሚታገል ተጠርጣሪ ነው። ቀሙትና እስክሪብቶ እንዲሰጡት በእጁ ለመናቸው። አንዱ ሰጠው። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "እኔ ስራ ጨርስ ቤት ሂድ። ፖሊስ መታ ለምን።"

ሳቁበት። ሰክሯል አለ አንደኛው፣ ሌላው ደግሞ እያሾፈ ነው አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስለሆነ። በልጅነቱ መስማት ላቆመ ሰው የጽሑፍ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። የመጀመሪያው የምልክት ቋንቋ ነው፣ እሱ ደግሞ የራሱ ሰዋስው አለው፤ እንደ አማርኛ ግሥ እያረባ አይሄድም። ማሙሽ አሥረኛ ክፍል ጨርሷል፣ የብየዳ ሥዕል አይቶ በር ይሠራልሃል። ሲጽፍ ግን እንደዚያ ነው የሚጽፈው። "ወረቀትና እስክሪብቶ ስጡት፣ በቃ" የሚሉ ሰዎች ይህንን አያውቁትም። ወረቀት ከምንም ይሻላል እንጂ አስተርጓሚን አይተካም።

ከዚያ በእጁ መናገር ሲጀምር፣ ሲናደድ ደግሞ እጁ ይፈጥናል፣ ሊማታ ነው ብለው እጁን ወደ ኋላ አድርገው በካቴና አሰሩት። አስቡት። አፍህን በፕላስተር ለጥፈው "ለምን ቃልህን አትሰጥም?" ቢሉህ ማለት ነው።

እኛ ደግሞ እቤት ሆነን እንደውላለን፣ ጥሪ አይቀበልም ይላል። እማዬ ሌሊቱን አልተኛችም። በማግስቱ ሐኪም ቤት ዞርን፣ ከዚያ ጣቢያ ለጣቢያ ዞርን። ሦስተኛው ላይ ተረኛው መዝገቡን አገላብጦ "በዚህ ስም የተያዘ የለም" አለን። ልንወጣ ስንል በር ላይ የነበረው ልጅ ለጓደኛው "ያ እብድ ግን ሌሊቱን ሙሉ በር ሲደበድብ አደረ እኮ" ሲል እማዬ ሰማች። ዞራ "እሱ ነው" አለች። በቃ፣ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም።

መዝገቡን በኋላ አሳዩኝ። ስም የሚለው ቦታ ላይ "ለመናገር ፈቃደኛ ያልሆነ" ተብሎ ተጽፏል። ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ያለ ስርዝ ድልዝ።

መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም። "እህቴ፣ ማንም አልነገረን እኮ" አለኝ፣ ደንግጦ። ማን ይንገራችሁ? የሚነግራችሁ ሰውዬ እጁ ከኋላው ታስሯል፣ ስልኩ ፌስታል ውስጥ ነው። ይህንን አላልኩትም። ወንድሜን ማስወጣት ስለነበረብኝ "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ በመታወቂያ ዋስ ይዤው ወጣሁ። ክስም አልተመሠረተበትም።

ሰሞኑን ለምን ይህንን ማንሳት ፈለግሁ? አንድ የድሮ የፍርድ ቤት ጉዳይ አንብቤ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው። በላትቪያ የሆነ ነው፣ በፈረንጆቹ የካቲት 2005። መስማትም መናገርም የማይችል ወጣት ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ ደረጃ ላይ ይወድቃል። ጭንቅላቱን ይመታል፣ ለደቂቃዎች ራሱን ይስታል። ፖሊስ ይመጣል። መስማትና መናገር እንደማይችል ተነግሯቸዋል። እነሱ ግን ሰክሯል ብለው ወስደው የስካር ማብረጃ ክፍል ይቆልፉበታል። ሐኪም አላየውም። የሚጽፍበትን ማስታወሻ ደብተር ወስደውበታል። ልጁ በሩንና ግድግዳውን ደበደበ። ሰካራም ይረብሻል ብለው ተዉት። ከ14 ሰዓት ገደማ በኋላ ሊቀሰቅሱት ሲሞክሩ አልነቃም። ሆስፒታል ገብቶ ሞተ።

በር መደብደቡ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ወጥቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ።

አባቱ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በ2010 መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤቱ ላትቪያ የልጁን የመኖር መብት ጥሳለች ብሎ ለአባትየው 50,000 ዩሮ እንዲከፈል ወሰነ። አምስት ዓመት ከስንት ወር መሆኑ ነው። ዳኞቹ ከጻፉት ውስጥ እኔን የያዘኝ ስለዚያ ደብተር ያሉት ነው። አካል ጉዳተኛን ስታስር ከሌላው የበለጠ ልትጠነቀቅለት ይገባል፣ ቢያንስ ያመመውን የሚናገርበት ወረቀትና እስክሪብቶ ልትሰጠው ይገባ ነበር ነው ነገሩ። በቃ፣ ደብተር። ዋጋው ስንት ነው?

ይህ የደሃ አገር ችግር ነው የምትሉ ካላችሁ ደግሞ እንግሊዝ እንሂድ። ጥር 1995፣ በፈረንጆቹ። ሊንከን ከተማ ውስጥ እጆቿም እግሮቿም ከልደቷ ጀምሮ አጫጭር የሆኑ፣ በኤሌክትሪክ ዊልቸር የምትንቀሳቀስ ሴት የዕዳ ክርክር ላይ ጥያቄ አልመልስም በማለቷ ፍርድ ቤት ደፍረሻል ተብላ ሰባት ቀን ተፈረደባት። መሽቶ ስለነበር ያን ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ አሳደሯት። የዊልቸሬን ቻርጀር ልያዝ ብትል አይሆንም ተባለች። ምክንያቱን ስሙ፣ ቅንጦት ነው ተብሎ! አልጋው የማይሆናት ስለነበር ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አደረች። የመብራት ማጥፊያውም የድረሱልኝ ደወሉም እጇ አይደርስበትም። መጸዳጃው ከወንበሯ ከፍ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ በረደኝ ስትል እንደነበር የጣቢያው መዝገብ ራሱ ይናገራል፣ በየግማሽ ሰዓቱ። መመዝገቡን አልረሱም።

ስትራስቡርግ ያሉት የዚያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዳኞች በ2001 የወሰኑት ነገር ለእኔ የወንድሜን ጉዳይ ፈታልኝ። ሴትየዋን ለማዋረድ ያሰበ ሰው አልነበረም አሉ። እንዲህም ሆኖ የደረሰባት ነገር ክብርን የሚያዋርድ አያያዝ ነው ብለው 4,500 ፓውንድ አስከፈሉ። የኛም መርማሪ ክፉ አልነበረም ብያለሁ። ሳቁበት ያልኳችሁም ልጆች ምናልባት ቤታቸው ሲገቡ ጥሩ ወንድም ይሆናሉ። ማሙሽ ግን ያን ሌሊት የተዋረደው ሳይጠሉት ነው።

ህንድ ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ ጭራሽ ቧልት መሰለ። ስታን ስዋሚ የሚባሉ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለጎሣ ማኅበረሰቦች የመሬት መብት ሲከራከሩ የኖሩ። በጥቅምት 2020 በፈረንጆቹ፣ በ83 ዓመታቸው፣ በሽብር ወንጀል ተጠርጥረው ታሰሩ። የፓርኪንሰን በሽታ ስላለባቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆ መያዝ አይችሉም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱን የጠየቁት የሚጠጡበት ስትሮ እና ክዳን ያለው ኩባያ ነው። መርማሪው ኤጀንሲ ለዚህ መልስ ለመስጠት 20 ቀን ይሰጠኝ አለ። ለስትሮ! የተናደዱ ሰዎች ወደ እስር ቤቱ በፖስታ ስትሮ መላክ ጀመሩ። በኋላ ኩባያውን አገኙ፣ ዋስትናውን ግን በተደጋጋሚ ተከለከሉ። በሐምሌ 2021 ዋስትና እየጠበቁ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። እስር ቤት ሳሉ የሚያበሏቸውና የሚደግፏቸው አብረዋቸው የታሰሩት ሰዎች ነበሩ።

ይህ ነገር እኛም ጋ አለ። ማሙሽ ያን ሌሊት ከእሱ ጋር በእጁ ሊያወራ የሞከረ ሰው ማን እንደነበር ስጠይቀው፣ አብሮት የታሰረ አንድ ጎረምሳ ነው አለኝ። ልጁ የታሰረው ራሱ ስልክ ነጥቆ ነው፣ አልዋሸም። "ውኃ" እና "ሽንት" የሚሉትን ምልክቶች በአንድ ሰዓት ተምሮ፣ ማሙሽ ሲፈልግ በሩን እየደበደበ ዘበኛውን ይጠራለት ነበር። ሌላ አንድ ሽማግሌ ደግሞ አምፖሉ ሥር የነበረውን ቦታቸውን ለቀቁለት፤ ጨለማ ውስጥ እጅ ስለማይታይ። ማን ነገራቸው? ማንም። አይተው ነው።

ክራንች የሚጠቀም አንድ ወዳጄ ይህንን ታሪክ ስነግረው ብዙም አልተገረመም። እሱን ያሰሩት ጊዜ ክራንቹን "መሳሪያ ሊሆን ይችላል" ብለው ውጭ አስቀመጡበት። ሽንት ቤት በእጁ እየዳኸ ነው የሄደው። ወለሉን እናንተው ገምቱት።

ሕግ የለም እንዳንል ሕግ አለ። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው የተጠረጠረበትን ምክንያት ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል ይላል። ማሙሽ የሚገባው ቋንቋ አለ እኮ። በቴሌቪዥን ዜና ጥግ ላይ በየቀኑ እናየዋለን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምረዋል። አንቀጽ 21 ደግሞ ከቤተሰብ፣ ከሐኪምና ከጠበቃ ጋር የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ስምምነትን ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ እዚያ ላይ ፖሊሶችና የማረሚያ ቤት ሠራተኞች ሥልጠና ያግኙ የሚል በግልጽ ተጽፏል። ዝርዝሩን ለጠበቆች እተዋለሁ።

እኔ የምለው ሥልጠናው እስኪመጣ እዚያ ተረኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ፌስታሉ ከመቋጠሩ በፊት፣ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ከዚህ ውስጥ ያለ እሱ መስማት፣ ማየት፣ መራመድ፣ መብላት፣ መናገር የማትችለው ነገር የትኛው ነው? መዝገቡ ላይ ስም የሚጻፍበት መስመር አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ሥራ አለ። አንድ መስመር ይጨመር። ስልኩ ለምርመራ ካስፈለገ ይያዝ፣ ግን ቤተሰቡ እስኪጠራ ድረስ ፖሊሱ ራሱ ይዞ ያስጽፈው። ካቴና ከሆነ ከፊት ይሁን። መብራቱም አይጥፋበት።

እኔን ደግሞ አስተርጓሚ አታድርጉኝ። ያን ቀን ቃሉን ሲቀበሉ መሃል ያስገቡኝ እኔን ነው። እህቱ ነኝ፣ የሚጎዳውን ነገር ልዘልለት እችላለሁ። ደግሞ እኔ የማውቀው የቤት ምልክት ነው፤ ምሳ፣ ገንዘብ፣ እማዬ ተቆጥታለች። "ዋስትና"ን በእጅ እንዴት እንደሚሉት አላውቅም ነበር። "ነገ ትመለሳለህ፣ ግን አትመለስም" ዓይነት ነገር አልኩት መሰለኝ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

ከወጣ በኋላ ወር ያህል ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ በየአሥር እርምጃው ወደ ኋላ እየዞረ ነበር የሚሄደው። እማዬ "መስማት የተሳነው ነው፣ እባካችሁ በዚህ ስልክ ደውሉ" የሚል ካርድ አስጽፋ፣ በፕላስቲክ አሳሽጋ ሰጠችው። ቦርሳው ውስጥ ከተተው። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ድንገት ትዝ አለኝና "ቦርሳውም እኮ ፌስታል ውስጥ ይገባል" አልኳት። ስኒዋን አስቀምጣ ተነሳች፣ መርፌና ክር አመጣች፣ ካርዱን ጃኬቱ ውስጥ ደረቱ ላይ ሰፋችው።

ማሙሽ ተናደደ። ሕፃን አደረጋችሁኝ አለን በእጁ፣ በጣም ፈጥኖ። ባለፈው እሑድ ጃኬቱን ሲያጥብ አየሁት። አጥቦ ገለበጠው፣ ገመዱ ላይ አሰጣው፣ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ በከነቴራው ጫፍ ካርዱ ላይ የቀረውን ውኃ ጠረገ።