መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ ካቻቢቴ፦ የዴስክቶፔን ፋን ዝም ለማሰኘት የታገልኩባቸው ሁለት ወራት

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እሠራለሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ልጃችን ከተወለደች ወዲህ ሥራዬ ወደ ሌሊት ዞሯል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከአልጋዋ 2 ሜትር ቢርቅ ነው። ሬንደር (የተቀናበረውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ማውጣት) ስጀምር የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ ፋን ይነሳል፣ ልጅቷም አብራው ትነሳለች። አንድ ቀን ጠዋት አከራያችን በር ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምን ስትፈጭ ነው የምታድረው?» አሉኝ። ነገር ፈልገው አይደለም። ግድግዳው ስስ ነው፣ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። የዚያኑ ቀን ነው የጀመርኩት።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ሳላዳምጥ መግዛቴ ነው። ጥፋተኛው ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ጀርባ ላይ ያለው ፋን ነው ብዬ አዲስ ገዛሁ። ገጥሜ ሳበራው ጭራሽ ባሰበት። ነገሩ ከመሰኪያው ነበር። የገዛሁት ፋን ባለ 3 ፒን ነው፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለው መሰኪያ ደግሞ ባለ 4 ፒን። የፍጥነት ትእዛዝ የምታደርሰው አራተኛዋ ሽቦ ናት። እሷ ከሌለች ፋኑ 12 ቮልቱን ሙሉውን ወስዶ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሽከረከራል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብቼ የዚያን መሰኪያ አሠራር ከፒደብሊውኤም፣ ማለትም በአራተኛዋ ሽቦ ከማዘዝ፣ ወደ ዲሲ ቀየርኩት። አሁን ማዘርቦርዱ ቮልቴጁን ራሱን እየቀነሰ ይቆጣጠረዋል። የፋኑ ድምፅ ረገበ፣ ዋናው ጩኸት ግን እዚያው ነው። ብሩን ያወጣሁት ምንም ባላጠፋ ፋን ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማዳመጥ የጀመርኩት። የኬዙን ጎን ከፍቼ እያንዳንዱን ፋን ለ2 ሰከንድ ያህል በጣቴ አቆምኩ። የሚያዘው መሃል እምብርቱ ነው፤ ክንፉን እንዳትነኩ። የትኛው ሲቆም የትኛው ድምፅ እንደሚጠፋ ወዲያው ይለያል። አንድ ጩኸት የመሰለኝ ነገር ሦስት ሆኖ አገኘሁት። ሹሹ የሚለው የሲፒዩው (የዋናው ፕሮሰሰር) ፋን ነው። ትር ትር የሚለው የግራፊክስ ካርዱ (ምስል የሚያወጣው ክፍል) ፋን። ከሥር እምም የሚለው ግን ፋን አይደለም፤ ሃርድ ዲስኩ ኬዙን እያንቀጠቀጠው ነው።

በሲፒዩው ጀመርኩ። ፋኑን ከሂትሲንኩ (ከሲፒዩው ሙቀት ከሚወስደው ብረት) ላይ ሳነሳው የብረቱ ክንፎች አይታዩም። በላያቸው ግራጫ ነገር ተነጥፏል። በጣቴ ጫፍ ይዤ ሳነሳው እንደ ባዘቶ ጥጥ አንድ ላይ ተነቅሎ መጣ። ክፍሉ ውስጥ ስለምናበስል አቧራው ቅባት ይዟል፣ በብሎወር (በአየር መንፊያ) ብቻ የሚለቅ አልነበረም። በለስላሳ ብሩሽ አስለቀቅኩት። ብሎወር የምትጠቀሙ ግን ፋኑን በጣታችሁ ያዙት። በንፋሱ ኃይል ከልኩ በላይ ከተሽከረከረ ራሱ እንደ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ማዘርቦርዱን ሊጎዳ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሳጥን) ከውጭ ብቻ ነው ያጸዳሁት። ከግድግዳ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያለው ካፓሲተር ቻርጅ ይይዛል፣ እባካችሁ አትክፈቱት።

በሲፒዩውና በሂትሲንኩ መካከል ሙቀት እንዲያሻግር የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። በአልኮል ጠርጌ፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቄ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሃሉ ላይ አደረግኩ። ሬንደር ላይ 91 ዲግሪ ይደርስ የነበረው ሲፒዩ 74 ላይ ቆመ። በስልኬ የድምፅ መለኪያ ከአልጋው ላይ ሆኜ ስለካ 47 ዲሲቤል የነበረው 41 ሆነ። የስልክ መለኪያ ቁጥሩ ልክ ላይሆን ይችላል። ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ከለካችሁ ግን ለማነጻጸር ይበቃል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን አንድ ሳንቲም ያላወጣሁበት ነገር ነው፤ ባዮስ ውስጥ ያለው የፋን ከርቭ፣ ማለትም በየሙቀቱ ፋኑ በምን ፍጥነት እንደሚዞር የሚወስነው ማስተካከያ። ልጅቷን የሚቀሰቅሳት የድምፁ ትልቅነት ብቻ አልነበረም፣ መነሳትና መውደቁ ነው። አንድ ፋይል ስከፍት ሙቀቱ ለ2 ሰከንድ ይዘላል፣ ፋኑ ያጓራል፣ ይወርዳል፣ መልሶ ያጓራል። እስከ 55 ዲግሪ ድረስ ፋኑ በ30 ፐርሰንት እንዲቆይ አደረግኩ። ከዚያ ቀስ እያለ 75 ዲግሪ ላይ 55 ፐርሰንት ይደርሳል፤ ሙሉ ፍጥነት ከ85 በላይ ብቻ ነው። ለአጭር የሙቀት ዝላይ ፋኑ እንዳይቸኩል መዘግየቱን ወደ 5 ሰከንድ ከፍ አደረግኩት። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 15 ዲሲቤል ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ትንሽ ፍጥነት መቀነስ እንኳ ብዙ ያተርፋል። አሁን ሬንደር ላይ 34 ይላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወጥ ነው።

የሌላ አገር ሰው ከርቭ ግን እንዳለ አትገልብጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞር እንኳ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። እኔም መጀመሪያ የሌላ ሰው ቁጥር ገልብጬ ሙቀቱ 90 ላይ ወጥቶብኝ ነው ወደዚህ የመጣሁት።

የግራፊክስ ካርዱ ፋን ስቲከሩ ሲነሳ ዘንጉ የሚታይ ዓይነት ነው። አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አደረግኩለት። ትርትርታው ከጠፋ 5 ሳምንት ሆነው። ጊዜ መግዣ ነው እንጂ አላዳነውም፣ አንድ ቀን መለወጡ አይቀርም። ለሃርድ ዲስኩ ከብስክሌት ውስጠኛ ጎማ ትንንሽ ቁራጮች ቆርጬ በብሎኑና በብረቱ መካከል አስገባሁ። እምምታው ግማሽ ያህሉ ሄደ፣ ግማሹ አለ። የምሠራበትን ፋይል ወደ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ማከማቻ) ካዞርኩ ወዲህ ሃርድ ዲስኩ ሌሊት አብዛኛውን ሰዓት ይተኛል።

የቀረኝ የአቧራ ማጣሪያ ነው። የኬዙ ፊት ላይ የሴት ስቶኪንግ ወጥሬ ሞክሬ ነበር። አቧራውን ያዘ፣ አየሩንም አብሮ ያዘ፤ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ጨመረ። አነሳሁት። ሰፋ ባለ የወባ አጎበር ጨርቅ ልሞክር ነው። የሞከረ ካለ ሙቀቱ ስንት እንደጨመረበት ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።