ስም ያለው ሆቴል ሁሉ ውድ አይደለም፦ አውሮፓ ውስጥ በርካሽ አልጋ ስለመያዝ

አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ ስም ያለው ሆቴል ማለት ሒልተን ነው፣ ሸራተን ነው፣ ራዲሰን ነው፣ ሃያት ነው። ሠርግ የምንታደምበት፣ ስብሰባ የምንሄድበት፣ አንዳንዴ እንግዳ ሲመጣ ቡና የምንጠጣበት ቦታ ነው። ከኪሳችን ከፍለን እንደርበት ብለን አናስብም። ይሄ አስተሳሰብ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አብሮን ውጭ ይሄዳል። አውሮፓ ለመሄድ የሚዘጋጁ ወዳጆቼ ሆቴል ሲፈልጉ አያለሁ፤ ስሙን የሚያውቁትን ሆቴል ዋጋውን እንኳን ሳያዩ ያልፉታል። "እነሱ ለእኛ አይሆኑም" ይላሉ። ከዚያ ማንም የማያውቀው ትንሽ ሆቴል ወይም የሰው አፓርታማ ይይዛሉ። የጽዳት ክፍያ፣ የአገናኙ ድርጅት ኮሚሽን፣ ምናምን ሲደመር ብዙ ጊዜ ካለፉት ሆቴል በላይ ከፍለው ይገኛሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ የሆቴል ኩባንያዎች ለሀብታም ብቻ አይሠሩም። አኮር የሚባለውን የፈረንሳይ ኩባንያ እንይ። ሶፊቴል የእሱ ነው፣ ኖቮቴል የእሱ ነው፣ ኢቢስም የእሱ ነው። ኢቢስ ደግሞ ራሱ ሦስት ዓይነት ነው፣ በምልክቱ ቀለም ትለዩታላችሁ። ቀዩ ዋናው ኢቢስ ነው። አረንጓዴው ኢቢስ ስታይልስ ይባላል፣ ብዙ ቦታ ቁርሱ ዋጋው ውስጥ ተካቷል። ሰማያዊው ኢቢስ በጀት ነው፣ ከሦስቱ ርካሹ እሱ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ፍሪጅ አትጠብቁ፣ ሻይ ማፍያም አትጠብቁ። ግን አንሶላው ንጹሕ ነው፣ ሻወሩና ሽንት ቤቱ የራሳችሁ ነው። ብዙዎቹ ክፍሎች ላይ ከትልቁ አልጋ በላይ ሌላ ተደራቢ አልጋ ስላለ አንድ ልጅ ይዘው የሚሄዱ ባልና ሚስት ሁለተኛ ክፍል መያዝ አያስፈልጋቸውም።

ጀርመን ውስጥ ሞቴል ዋንን ፈልጉ። ሞቴል ሲባል የአውራ ጎዳና ዳር ማደሪያ ይመስላል፣ እነዚህ ግን አብዛኞቹ መሀል ከተማ ወይም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ናቸው። ሎቢያቸው ያምራል፣ ክፍላቸው ትንሽ ነው፣ ዋጋቸው መካከለኛ ነው። ቢ ኤንድ ቢ ሆቴልስ የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ፈረንሳይ ብሬስት ከተማ ውስጥ ጀምሮ አሁን ጀርመንም ጣሊያንም ስፔንም አለ። ለሦስትና ለአራት ሰው የሚሆን ክፍል ከፈለጋችሁ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ኢዚሆቴል በጣም ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ ግን አንዳንዱ ክፍል መስኮት የለውም። ስትይዙ "መስኮት ያለው" የሚለውን አይታችሁ ምረጡ፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ አንድ ሌሊት ይቻላል፣ ሳምንት ግን ይከብዳል።

እንግሊዝ ለሚሄዱ፣ በተለይ ከአሜሪካ ልጆቻቸውን ይዘው ለንደን ያሉ ዘመዶቻቸውን ለሚጠይቁ፣ ፕሪሚየር ኢን የሚባለውን አጥብቄ እመክራለሁ። የቤተሰብ ክፍሉ ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ ይይዛል። አንድ አዋቂ ቁርስ ከገዛ ሁለት ልጆች በነፃ ይበላሉ፣ ዕድሜያቸው ከ16 በታች ከሆነ። ልጆች ጠዋት ጠዋት ምን ያህል እንደሚበሉ የሚያውቅ ወላጅ ሒሳቡን ወዲያው ይረዳዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለእኛ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ በሸንገን ቪዛ (አንዱ ቪዛ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በሚያስገባው) ለምንሄደው፣ እነዚህን ሆቴሎች የምወዳቸው ከዋጋው በላይ በሌላ ምክንያት ነው። ቪዛ ስትጠይቁ የት እንደምታርፉ ማሳየት ግድ ነው። የሆቴል ሪዘርቬሽን ታሳያላችሁ፣ ወይም የጋባዥ ደብዳቤ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መልስ መጠበቂያውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል። አንድ ወር ተኩል ትጠብቃላችሁ፣ መልሱ ምን እንደሚሆን አታውቁም። በዚህ መሀል ገንዘቡ የማይመለስ ክፍል ከያዛችሁ ቪዛው ቢከለከል የቪዛውንም የሆቴሉንም ገንዘብ አጣችሁ ማለት ነው። የቪዛው ክፍያ ብቻውን 90 ዩሮ ነው፣ እሱ አይመለስም። ሆቴሉን ግን ማዳን ይቻላል።

ስለዚህ ሁሌም "ያለ ክፍያ መሰረዝ ይቻላል" የሚለውን ዋጋ ያዙ። ከማይመለሰው ዋጋ ጋር ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ በአንድ ሌሊት ጥቂት ዩሮ ነው። ቅርንጫፋቸው የበዛ ሆቴሎች ይህን አማራጭ የሌላቸው ጊዜ ጥቂት ነው። ትንንሾቹ ሆቴሎች ግን ብዙዎቹ ቀድማችሁ እንድትከፍሉ ይፈልጋሉ፣ ወይም የመሰረዣው ቀን ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ያበቃል። ከተቻለ ደግሞ "ሆቴሉ ደርሳችሁ ትከፍላላችሁ" የሚለውን ምረጡ። ቀድመው ከካርድ ቆርጠው ስትሰርዙ የሚመልሱ አሉ፣ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ግን ቀናት ይፈጃል። ከአዲስ አበባ በስንት መከራ ያገኛችሁት የውጭ ምንዛሬ ካርድ ላይ ያለ ገንዘብ እዚያ ታስሮ ሲቆይ ያናድዳል። ማረጋገጫው ሲመጣላችሁ ደግሞ አብረዋችሁ የሚሄዱት ሁሉ ስማቸው ፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው መጻፉን አረጋግጡ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቪዛው ከወጣ በኋላ ሪዘርቬሽኑን ሰርዞ ባዶ እጅ መሄድ ጥሩ አይደለም። ኤርፖርት ስትደርሱ የድንበር ፖሊሱ የት እንደምታርፉ ሊጠይቃችሁና ማስረጃ አሳዩኝ ሊላችሁ ይችላል፣ መብቱም ነው። የተሻለ ዋጋ ካገኛችሁ መጀመሪያ አዲሱን ያዙ፣ ከዚያ የድሮውን ሰርዙ።

"ዘመድ እያለ ሆቴል ምን ያደርጋል?" የምትሉ አላችሁ። አውቃለሁ፣ ፍራንክፈርት አክስት እያለች ሆቴል ማደር እዚህ ቤትም እዚያ ቤትም ያስወቅሳል። ግን እስቲ ከእነሱ በኩል እንየው። ፈረንሳይ የሚኖር ዘመድ እኛን በደብዳቤ ለመጋበዝ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ስለ ቤቱ ስፋትና ስለ ገቢው ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ብዙዎቹ በፈረቃ ነው የሚሠሩት፣ ሌሊት ሠርተው ቀን ይተኛሉ። ቤታቸው አንድ መኝታ ቤት ነው። እኛ ሳሎን ስንተኛ እነሱ በእግር ጣታቸው ነው የሚሄዱት፣ አንዲት ቃል ግን አይተነፍሱም፣ ይሉኝታ አለ። እኔ የምመርጠው ከቤታቸው በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ርካሽ ሆቴል ይዤ ቀኑን ከእነሱ ጋር ማሳለፍ ነው። ምሳውም እራቱም እነሱ ጋ፣ ቡናውም እነሱ ጋ፣ መኝታው ሆቴል። መጀመሪያ ቀን ይኮረፋል። በሁለተኛው ቀን ሁሉም እፎይ ይላል።

ዋጋን በተመለከተ፣ የእነዚህ ሆቴሎች ዋጋ እንደ አውሮፕላን ትኬት ነው የሚሠራው። ያው ክፍል ማክሰኞ ሌላ ቅዳሜ ሌላ ነው። ፍራንክፈርት ላይ የንግድ ትርዒት ሲኖር፣ ለምሳሌ በኦክቶበር የመጻሕፍት ትርዒቱ ሲካሄድ፣ ርካሹ ሆቴል እጥፍ ይሆናል። ሙኒክ ኦክቶበርፌስት በሚባለው የቢራ በዓል ጊዜ እንዲሁ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚጀምረው በሴፕቴምበር ነው። በተቃራኒው የቢሮ ሰፈሮች ቅዳሜና እሑድ ይረክሳሉ፣ ነጋዴውና ሠራተኛው ስለሚሄድ። ፓሪስ ላ ዴፋንስን፣ ብራሰልስ የአውሮፓ ኅብረት መሥሪያ ቤቶች ያሉበትን ሰፈር ዓርብ ማታ ገብታችሁ እሑድ ብትወጡ ከሌላው ቀን በጣም በወረደ ዋጋ ጥሩ ሆቴል ልታገኙ ትችላላችሁ። ቀናችሁን ትንሽ ማንቀሳቀስ ከቻላችሁ ቅናሽ ኮድ ከመፈለግ ይሄ ይበልጣል።

ዋጋ ለማወዳደር እንደ ቡኪንግ ዶት ኮም ያለውን አገናኝ ድረ ገጽ ተጠቀሙ፣ ለመያዝ ግን የሆቴሉ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ሂዱ። አባልነቱ ነፃ ነው፣ ለአባል ደግሞ ዋጋው ዝቅ ይላል። ከሁሉ በላይ ግን ችግር ሲመጣ ነው ልዩነቱ የሚታየው። የአክስቴ ልጅ በአገናኝ ድርጅት በኩል የያዘው ክፍል ላይ ቀን ለመቀየር ፈልጎ ሪሴፕሽኑ "እነሱን ጠይቅ" ሲለው፣ እነሱ ደግሞ "ሆቴሉን ጠይቅ" ሲሉት ግማሽ ቀኑን ስልክ ላይ ጨረሰ። በቀጥታ ሆቴሉ ጋ ብትይዙ ከአንድ ሰው ጋር ነው የምትነጋገሩት።

ከዚያ የከተማ ግብር የሚባል አለ። መጀመሪያ በምታዩት ዋጋ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም፣ ሆቴል ስትደርሱ ነው የሚጠየቀው። አምስተርዳም ከ2024 ጀምሮ የክፍሉን ዋጋ 12.5 በመቶ ያስከፍላል። በርሊን ከ2025 ጀምሮ 7.5 በመቶ። ሮም በመቶኛ ሳይሆን በሰው ነው፤ ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ላይ ለአንድ ሰው በአንድ ሌሊት 6 ዩሮ። ባልና ሚስት ሦስት ሌሊት ካደሩ 36 ዩሮ ሆነ ማለት ነው። ይሄ ሁለት ሆቴል ስታወዳድሩ ሒሳቡን ሊገለብጠው ይችላል።

ሰፈር ላይ ደግሞ ፓሪስ ጥሩ ምሳሌ ናት። ስሙ ላይ "ፓሪስ" ያለ ሆቴል ሁሉ ፓሪስ ውስጥ አይደለም። ካርታ ክፈቱ፣ ከሜትሮ ጣቢያ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ እዩ፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከሆነ ሻንጣ ይዛችሁ አስቡት። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ግን ለእኛ የሚጠቅም ለውጥ አለ። የባቡር ትኬት በርቀት መቆጠሩ ቀርቶ ሜትሮውም ባቡሩም በመላው የፓሪስ አካባቢ አንድ ዋጋ ሆኗል፣ ሲጀመር 2.50 ዩሮ፣ የኤርፖርቱ ብቻ ሲቀር። ከፓሪስ ወሰን ወጣ ብለው ባሉት በሞንትሩይ ወይም በባኞሌ አካባቢ፣ ሜትሮው ደጅ ላይ ያለ ሰማያዊ ኢቢስ ይዞ በየቀኑ መሀል ከተማ መግባት ያዋጣል።

ፍራንክፈርት ላይ ደግሞ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፈር ሆቴሉ ብዙ ነው፣ ርካሽም ነው። ግን አደንዛዥ ዕፅ በአደባባይ የሚወሰድበት አካባቢ ስለሆነ ከልጆች ጋር፣ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ለምትሄድ እህት አልመርጠውም። በትራም ሁለት ፌርማታ ራቅ በሉ።

የእኛ አውሮፕላን ሌሊት ተነሥቶ አውሮፓ ማለዳ ነው የሚያርፈው። ሆቴሉ ግን ክፍል የሚሰጠው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት በኋላ ነው። ደክሟችሁ፣ ፊታችሁን ሳትታጠቡ፣ ሎቢ ላይ መቀመጥ አለ። ቀድማችሁ ኢሜይል ጻፉላቸው፣ ባዶ ክፍል ካለ አንዳንዴ ቀድመው ያስገባሉ። ባይሆንም ሻንጣውን ያስቀምጡላችኋል፣ አብዛኞቹ በነፃ። የመመለሻውም ቀን እንዲሁ ነው፤ ክፍሉን እኩለ ቀን አካባቢ ታስረክባላችሁ፣ በረራው ማታ ነው።

ቁርስ ስትይዙ አብራችሁ አትግዙ። ደርሳችሁ አይታችሁ ትወስናላችሁ፣ ዋጋው ብዙ ቦታ ያው ነው። በጾም ከሄዳችሁ ደግሞ ቡፌው ላይ ያለው እንቁላል፣ አይብ፣ እርጎና ሥጋ ነው። ለእናንተ የሚቀረው ዳቦ፣ ማርማላታ፣ ፍራፍሬና ሻይ ነው። ያንን ደግሞ ጥግ ላይ ካለው ሱፐርማርኬት፣ ጀርመን ከሆናችሁ ከሊድል ወይም ከአልዲ፣ በጣም ባነሰ ዋጋ ታገኙታላችሁ።