ቱፍ ሳትይ አታድንቂ

የትንንሽ ልጆች ወላጆችን ቤት ለቤት እየሄድኩ ማገዝ ስጀምር፣ ሽሮ ሜዳ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ዳግመኛ ሊያስገባኝ አልፈለገም። ጥፋቱ የኔ ነው። የ14 ወር ልጅ አያቱ ጭን ላይ ተቀምጧል። ገና ከበሩ ሳልርቅ “ውይ ሲያምር! ዓይኑን እዩት!” አልኩ። ሥልጠናው ላይ ልጁን አድንቁ ተብለናላ። አያትየው ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ልጁን ሸፈኑት። ምንም አላሉም። እኔም ምንም አልገባኝም።

በሳምንቱ ስሄድ “ተኝቷል” ተባልኩ። በሚቀጥለውም “ተኝቷል”። ነገሩን የነገረችኝ ጎረቤት ናት። እኔ በወጣሁ ማግሥት ልጁን ተቅማጥ ይዞት ከርሟል። ቦርሳ ያንጠለጠለች የማትታወቅ ሴት መጥታ፣ ቱፍ ሳትል አድንቃ ሄደች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እናቴም ብትሆን ያው ነበር የምታስበው። እዚሁ ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ መመሪያ ስይዝ የማውቀውን ረሳሁት።

ሥራዬ ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ያላቸውን ቤተሰቦች በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል ቤታቸው ሄዶ ማገዝ ነበር። ማስተማር አይደለም። ወላጁ ከልጁ ጋር እንዲጫወት፣ እንዲያወራው፣ ልጁ ሲኮላተፍ እንዲመልስለት ማበረታታት ነው። ሐሳቡ በብዛት ከጃማይካ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 በዋና ከተማዋ ኪንግስተን ውስጥ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመዘገቡ። ግማሽ ያህሉን የሰፈር ጤና ሠራተኞች ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ፣ ከእናቶቻቸው ጋር ሆነው አጫወቷቸው። መጫወቻው ከወዳደቀ ዕቃ የተሠራ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ የተጎበኙት ካልተጎበኙት በ25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ያገኙ ነበር። ባንግላዴሽ፣ ኮሎምቢያና ፔሩም መንገዱን ተከትለውታል። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 37 በመቶው ቀንጭረው ነበር። ጃማይካ ሩቅ አልመሰለችኝም።

ወደዚያ ቤት የተመለስኩት ብቻዬን አይደለም። ሰፈሩ የሚያውቃት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይዛኝ ሄደች። ቡና ተፈልቶ ነበር። ልጁን ሳይ መጀመሪያ “ቱፍ ቱፍ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውረው” አልኩ። አያትየው ሳቁ። “አሁን ሰው ሆንሽ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መልኩን ትቼ ሥራውን ማድነቅ ለመድኩ። “ጎበዝ፣ ብቻህን ከፈትከው!” ሲባል ማንም አይደነግጥም። ለልጁም የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

መጫወቻው ላይም ተሳስቻለሁ። ሃይላንድ ውስጥ ቆርኪ ጨምሬ ማንኳኳያ ሠራሁ፤ ክዳኑን ግን በደንብ አላሸግኩትም። ልጁ በሁለት ደቂቃ ፈትቶ ቆርኪውን አፉ ውስጥ ከተተ። እናቱ በጣቷ ባታወጣው ኖሮ ዛሬም ስለዚህ የምጽፍ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ክዳኑን በፕላስተር ሳልጠቀልል የሰጠሁት የለም። በሌላ ቤት ደግሞ ያመጣሁት መጫወቻ ፌስታል ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። እንዳይቆሽሽ ነው። የሰው ዕቃ ነዋ!

ትልቁን ነገር ያየሁት ግን ዘግይቼ ነው። የዚያ የመጀመሪያው ቤት አባት ሸማኔ ናቸው። የልጁ እናት ቀን ቀን ልብስ አጠባ ትሄዳለች። እኔ እሷ የምትኖርበትን ሰዓት እየጠበቅኩ፣ እንደ ምንም እያመቻቸሁ እመጣለሁ። ቅጹ ላይ “የእናት ስም” ነው የሚለው። አባትየው ግን ጠዋትም ማታም እዚያው ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከተው ይሸምናሉ። ልጁ አጠገባቸው ነው የሚውለው። ሲያስቸግራቸው የጥለት ክር የተጠቀለለበትን ቀሰም ይሰጡታል። ይጥለዋል። እሳቸው በጋሞኛ አንድ ነገር ይሉታል። አንስቶ ይሰጣቸዋል። ስንት ሳምንት ሙሉ ይህን ከጀርባዬ አድርጌ ለእናቱ ስለ ጨዋታ አወራ ነበር።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ ነው ጨዋታው” አልኳቸው።

“እኔ ሥራ ላይ ነኝ እህቴ” አሉኝ፣ መወርወሪያውን ሳያቆሙ።

ምንም አልጨመርኩላቸውም ማለት ይቻላል። ቀሰሙን ሲሰጡት ቀለሙን እንዲጠሩለት ብቻ ለመንኳቸው። “በአማርኛ ነው?” አሉኝ። በሚመችዎት፣ አልኳቸው። ለካስ ሰውየው ዝም የሚሉኝ እኔ ፊት በጋሞኛ ማውራት የማይፈለግ መስሏቸው ነው። ቅጹ ላይ “እናት” የሚለውን ሰርዤ “አባት” ብዬ ጻፍኩ። ተመልሶ መጣልኝ፣ በንጹሕ ቅጽ ሙዪው ተብሎ።

ያልመለስኩት ጥያቄም አለ። አንዲት እናት ሃይላንዱን እያገላበጠች “ይሄ ዱቄት ይገዛል?” አለችኝ። ኪንግስተን ውስጥ ለአንዳንዶቹ ልጆች በየሳምንቱ አንድ ኪሎ የዱቄት ወተትም ይሰጥ ነበር። ዘመን ተሻግሮ የታየው ግን የጨዋታው ጥቅም እንጂ የወተቱ አልነበረም። ይህን አውቃለሁ። ምሳዋን ላልበላች ሴት ግን እንዴት ይነገራል? ዝም አልኩ። በማግሥቱ የጤና ኤክስቴንሽኗን ይዤላት ሄድኩ፣ ልጁ ተመዝኖ የምግብ ድጋፍ እንዲታይለት። እንደኔ እንደኔ ጉብኝቱና ድጋፉ ከመጀመሪያው አብረው መምጣት ነበረባቸው።

ሸማኔው ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩ ዕለት ልጁ ሁለት ዓመት አልፎታል። አባቱ እጃቸውን ዘርግተው አንድ ቃል አሉት። ቀይ አነሳ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አስቀመጠውና ቢጫውን ነካ፣ ተወው፣ አረንጓዴውን አምጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረው። አፌን ስከፍት አያትየው ከመደባቸው ላይ ቀደሙኝ።

“ቱፍ በይ መጀመሪያ!”